ዓመቱ የቆመ ሳንቲም

ስለ አሮጌ ገንዘብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ተብሎ ነው። የዓለም የሳንቲም መዝገቦችም የተሠሩት ይህንኑ ለመመለስ ነው፤ አገሩን፣ ዋጋውን፣ ዓመቱን ይዘው ይደረድራሉ። ለብዙ አገር ይህ ይበቃል። ለእኛ ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል። በገበያችን ከዞረው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ዓመቱ የቆመ ነውና። በማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ የተጻፈው 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሩ ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት ከሞተች ከ150 ዓመት በኋላም ይመታ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች የያዙት ፲፱፻፴፮ (1936 ዓ.ም.) እንደዚያው ሳይነካ እስከ አብዮቱ መዳረሻ ታትሟል። በዓመት የተደረደረ መዝገብ የሠላሳ ዓመት ሥራ በአንድ መስመር ጠቅልሎ ያልፋል።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ገንዘብ የሚያስፈልገን የዓመት ሳይሆን የማተሚያ ብረት መዝገብ ነው እላለሁ። በአማርኛ የተጻፈ፣ ፎቶግራፍ የበዛበት፣ ማንም በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ድረ ገጽ ይሁን። ሥራውም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሐረር ቢጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

የማተሚያ ብረት የምለው በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች «ዳይ» የሚባለውን ነው። ሳንቲም የሚወለደው ከሁለት ዳዮች መካከል ነው፤ አንዱ ፊቱን፣ ሌላው ጀርባውን ይቀርጻል። በእጅ በሚመታ ገንዘብ የታችኛው ዳይ በመሠረቱ ላይ ተተክሎ ይቆማል፤ የላይኛው መዶሻውን በቀጥታ ይቀበላል፤ ስለዚህም ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ቶሎም ይለወጣል። ዳዩ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በሳንቲሙ ላይ እንደ ክር ጎልቶ ይወጣል። ክሩ በአንዱ ሳንቲም ላይ አጭር፣ በሌላው ረዘም ያለ ከሆነ የትኛው ቀድሞ እንደተመታ ታወቀ ማለት ነው። የፊቱ ዳይ ተለውጦ የጀርባው ያው ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ሳንቲሞች ዘመዳሞች ናቸው። እንዲህ እያያያዙ መሄድ ነው ሥራው። ዓመት ያልተጻፈበትን ገንዘብ ሳይቀር በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች አንዳች ዓመት ሳይኖርባቸው ከእንዱቢስ እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን በተርታ የተደረደሩት በፊደል ቅርጽ፣ በክብደትና በዳይ ምርመራ ነው። በዒዛና ገንዘብ ላይ መጀመሪያ ጨረቃና ክብ እንደነበረ፣ በኋላ መስቀል እንደተተካ ማንም ያውቃል። በመካከል ያሉትን ትንንሽ ደረጃዎች የሚያሳየው ግን ዳዩ ነው።

አሁን ወደ ሐረር እንግባ፤ በፈላና በር በኩል።

ፈላና በር ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት የሰሜኑ በር ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ፣ ጁገል፣ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ በሮቹ የሚነሡት ስለ ጦርነት፣ ስለ ንግድና ስለ ግብር ሲወራ ነው። እኔ ግን እነዚህን በሮች የገንዘብ ድንበር አድርጌ ነው የማያቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ በጻፈው መጽሐፍ ላይ በከተማው የሚዞረው ገንዘብ መሐለቅ የተባለች ትንሽ የናስ ሳንቲም ብቻ እንደነበረች፣ ሌላ ገንዘብ በከተማው ውስጥ ያሳለፈውንም አሚሩ ያለ ርኅራኄ ይቀጣ እንደነበር ይናገራል። ከበሩ ውጪ ማሪያ ቴሬዛ ይዞራል፣ እህል በጨው ይለወጣል፤ ከበሩ ውስጥ ግን መሐለቅ ንጉሥ ነው። ከሰሜን ቡናና እህል ይዞ የሚመጣ ሰው በዚህ በር ሲገባ የሚሻገረው ግንቡን ብቻ አልነበረም።

በርተን ስለ መሐለቋ የሚጽፈው ሌላ ነገርም አለ፤ ለኔ ከቅጣቱ ይልቅ ይኼኛው ያሳስበኛል። በአንድ ፊቷ «በሐረር የተመታ» የሚል የዓረብኛ ጽሑፍ፣ በሌላው 1248 ዓመተ ሒጅራ አለባት ይላል። 1248 በፈረንጅ 1832 እና 1833 ነው፤ በርተን ከተማው የገባው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አሚር አሕመድ በነገሡበት ጊዜ ነው። ታዲያ ይህ ምን ይባላል? አንድም አሮጌዋ መሐለቅ ገና ትዞር ነበር፤ አንድም ዓመቱ ቆሞ አዲስ አሚር በድሮ ዓመት ይመታ ነበር። በዓመት የሚያስብ መዝገብ ለዚህ መልስ የለውም፤ «1248» ብሎ ጽፎ ይተኛል። 1248 የተጻፈባቸው መሐለቆች በብዛት ተሰብስበው፣ ዳዮቻቸው እየተቆጠሩ፣ ስንጥቆቻቸው እየተነጻጸሩ፣ ክብደታቸው እየተመዘነ ቢቀመጡ ግን መልሱ ከብረቱ ይወጣል። ዳዮቹ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ የአንድ ዘመን ሥራ ናቸው። እየተለወጡ፣ ፊደላቸው እየተበላሸ፣ ክብደቱም እየቀለለ ከሄደ ደግሞ ዓመቱ ቆሞ ሥራው ቀጥሏል ማለት ነው።

መሐለቅን በእጁ ይዞ ያላየ ሰው የሥራውን አስቸጋሪነት አይገምትም። ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ስስ ሳንቲም ናት። የተቆረጠችው ናስ ከዳዩ ስለምታንስ ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ አይወርድባትም፤ በአንዷ ላይ የቃሉ መጀመሪያ፣ በሌላዋ ላይ መጨረሻው ብቻ ይታያል። ዓመቱ ግማሹ ከጠርዙ ውጪ ቀርቷል። እንዲህ ያለችውን ነጠላ ሳንቲም የዓረብኛ ሊቅም ቢሆን አያነባትም። ከአንድ ዳይ የወጡ ስድስት ሰባት ሳንቲሞች ሲገኙ ግን አንዷ የጎደለችውን ሌላዋ ትሞላና ሙሉ ጽሑፉ ይነበባል። ለዚህ ነው መዝገቡ የአንድ ሰው ስብስብ ሊሆን የማይችለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የነበሩት አቶ አሕመድ ዘካሪያ ስለ ሐረር ሳንቲሞች በተቋሙ መጽሔት የመጀመሪያ ቅኝት አሳትመዋል። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡትን ቅርስ፣ ሳንቲሞችን ጨምሮ፣ በራስ ተፈሪ ቤት ባለው ሙዚየማቸው ለሕዝብ አቅርበዋል። መሠረቱ ተጥሏል። የቀረው እነዚህንና በየቤቱ ያሉትን በአንድ ገበታ ላይ ማሰለፍ ነው። ሐረር የሚመጣው ጎብኚ ሁሉ የፈረንሳዊውን የራምቦን ቤት ሳያይ አይመለስም፤ ቡና ነጋዴው ባለቅኔ ይከበር፣ ግን ከተማዋ የራሷን ገንዘብ መምታቷን ሰምቶ የሚሄደው ስንቱ ነው?

የመሐለቅ ታሪክ በአሚሮቹ አላበቃም። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 ከተማዋን ይዘው በ1885 ለቀቁ፤ ከዚያ በኋላ የነገሡት አሚር አብዱላሂ አዲስ ገንዘብ አወጡ፤ ገንዘቡም ሕዝቡን እንዳደኸየ ይነገራል። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ገዥዋም ራስ መኰንን ሆኑ። ከዚያ በ1885 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ በምኒልክ ስም፣ በብር፣ መሐለቅ ተመታ። ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የምኒልክ ታላቁ ብር በፓሪስ ተመትቶ የወጣው በ1887 ዓ.ም. ነው፤ የሐረሩ መሐለቅ፣ በላዩ የተጻፈው ዓመት እውነት ከሆነ፣ በሁለት ዓመት ይቀድመዋል። በትምህርት ቤት የምንማረው የዘመናዊ ገንዘብ ታሪክ ግን ከፓሪስ ይጀምራል። ሐረር የምትጀምርበትን ታሪክ ለማጽናት የሚቻለው የዚያን መሐለቅ ዳዮች ለይቶ በማውጣት ነው። የአሚሮቹን ናስ የመታው እጅ የምኒልክን ብር መትቶ ይሆን? የፊደሉ አቀራረጽ፣ የጠርዙ ነጠብጣብ፣ የአመታቱ ልማድ ይመሰክራል። መዝገቡ ከሐረር ይጀመር ያልኩት ለዚህ ነው፤ የዓረብኛውና የግዕዙ ፊደል፣ የእጁና የመንግሥቱ ገንዘብ፣ የሒጅራውና የኛ ዓመት የተገናኙባት ከተማ እሷ ናት።

«ዳይ መለየት የፈረንጅ ሥራ ፈት ጨዋታ ነው» የሚል ሰው አውቃለሁ። የኔ መልስ ማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ያንን 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር አገላብጦ ያየ አያት ቅድመ አያታችን የሚያየው ዳዩን ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው የጌጥ ፒን ዕንቁዎቹ ተቆጥረው ካልታዩ፣ የራሷ ዘውድና ሻሽ ካልጠራ፣ ከሥሯ ያሉት ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካልተነበቡ ብሩን አልቀበልም ይል ነበር። ፊደላቱ ሾብልና ፋቢ የሚባሉ ሁለት የማተሚያ ቤት ሹሞች ስም መነሻ መሆናቸውን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ትክክለኛውን ዳይ ከተሳሳተው ለይቶታል። አውሮፓውያኑም ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን ዳዮች ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ማስመታት ጀመረ፤ ለንደን በ1936 ተከተለች፤ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ፣ በኋላም በርሚንግሃም መቱ። ሁሉም ላይ 1780 አለ። ሮምን ከቦምቤይ፣ ለንደንን ከቬየና የሚለየው የዕንቁው ቁጥርና አቀማመጥ፣ የንስሩ የጅራት ላባ፣ የፊደሉ ውፍረት ነው። በየቤታችን ሣጥን ያለው ማሪያ ቴሬዛ በጣሊያን ወረራ ገንዘብ የገባ ይሁን በቡና ንግድ፣ ሊነግረን የሚችለው ይኸው ነው።

በአሜሪካ ይህንኑ ሥራ የሠሩት ተራ ሰብሳቢዎች ናቸው። ሊሮይ ቫን አለንና ጆርጅ ማሊስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የብር ዶላሮችን ዳይ በዳይ ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1971 መጽሐፍ አወጡ፤ ዛሬ ሰብሳቢው ሁሉ በእነሱ ስም መነሻ «ቫም» እያለ ቁጥር ይጠራል። በ1878ቱ ዶላር ላይ ንስሩ መጀመሪያ 8 የጅራት ላባ ነበረው፤ በዚያው ዓመት ወደ 7 ወረደ፤ በ8ቱ ላይ 7 የተቀረጸባቸው ዳዮችም አሉ። ላባ መቁጠር እኛ ከእነሱ በፊት የምናውቀው ነገር ነበር። የሌለን ቁጥሩን የሚያኖር ደብተር ነው።

ከኋለኞቹ ገንዘቦች አንዱን ብቻ ቀረብ አድርጌ ላሳይ፤ ስሙኒን። በ1936ቱ ተከታታይ የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበር። ስፋቱ ከብሩ ሽልንግ፣ ከ50 ሳንቲሙ፣ ጋር ስለተቀራረበ ብልጣ ብልጦች ብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ ማሳለፍ ጀመሩ። መንግሥት ክቡን ሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 እና 1953 ጠርዙ እንደ አበባ የተሸረሸረ ስሙኒ ወጣ። አሁን ያንን ስሙኒ ሁለት ሦስት አድርገው ከመብራት ሥር ያስቀምጡ። በአንዱ ላይ ሽርሽሮቹ እኩል፣ ለስላሳ፣ በመሣሪያ የተሠሩ ናቸው። በሌላው ላይ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ጎድጎድ ያላለ፣ ጫፉም ሻካራ ነው፤ በችኮላ የተቆረጠ መሆኑን ያስታውቃል። ሁለቱም ፲፱፻፴፮ ይላሉ። አንድ የማጭበርበር ዘዴና የመንግሥት ድንጋጤ በሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ተመዝግቧል፤ ፊቱ ላይ ያለው ዓመት ግን ሁለቱንም አያውቅም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በ1887ቱ የምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ግራ የፊት እግሩን አንሥቷል፤ በኋለኞቹ ቀኙን። በጃንሆይ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ላይ ምስሉን የቀረጸው አሜሪካዊ ጆን ሲኖክ የስሙን መነሻ ሦስት ፊደላት አስቀምጧል፤ በሌሎቹ የሉም። በ1969ኙ የደርግ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ የአንበሳው ራስ አንዴ ተለቅ፣ አንዴ አነስ ይላል፤ የአገጩ ጢምም በአንዱ እኩል ሲሆን በሌላው በግራ በኩል ሁለቱ ረዝመው ይወጣሉ፤ ልዩነቱ የመጣው ከአንድ በላይ በሆኑ የውጭ ማተሚያ ቤቶች ስለተመታ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ኪሱን ቢፈትሽ አልፈርድበትም።

ታዲያ ድረ ገጹ ምን ይምሰል? ከሁሉ በፊት ፍለጋው የኛን አጻጻፍ ይቻል። ሐረርን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፋል፤ ምኒልክን ምንሊክ የሚልም አለ። ድረ ገጹ እነዚህን አንድ አድርጎ ካልፈለገ ተጠቃሚው «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ደግሞም አይመጣም። ቀጥሎ የግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፰፻፹፯ ማንበብ የማይችል የውጭ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ የኛም ወጣት፣ ቅርጾቹን እየነካ የሚመርጥበት ሰሌዳ ያስፈልጋል። ከዚያ ሦስቱ አቆጣጠር፤ 1248 ብሎ የሚፈልግ፣ 1825 ብሎ የሚፈልግ፣ 1833 ብሎ የሚፈልግ አንድ ገጽ ላይ መድረስ አለበት። ፲፱፻፴፮ን አንብቦ «የወረራው ዓመት ሳንቲም» እያለ የሚሸጥ የውጭ ነጋዴ የበዛው ይህ ስለጠፋ ነው፤ ያ ዓመት በፈረንጁ 1943 እና 1944 ነው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ።

እያንዳንዱ ዳይ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠው። ነገ የተሻለ ሐሳብ ቢመጣ ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ማብራሪያው ይታረም። የሁለቱም ፊት ፎቶግራፍ በአንድ ዓይነት ብርሃን ይነሣ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲወድቅ ነው ስንጥቁ የሚታየው፣ ፊት ለፊት የበራ መብራት ሁሉን ያደምቀውና ይሸፍነዋል። ክብደቱ እስከ ግራም መቶኛ ይመዘን። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድም በግልጽ ይጻፍ። ምስሉ ድርብ ሆኖ የታየ ሳንቲም ሁሉ ዳዩ ድርብ ነው ማለት አይደለም። ዳዩ ራሱ ሲቀረጽ ሁለቴ ከተመታ ድርቡ ከዚያ ዳይ በወጣ ሳንቲም ሁሉ ላይ በአንድ ቦታ ይደገማል፤ ሳንቲሙ ሲመታ ዳዩ ተንሸራትቶ ከሆነ ግን የዚያች ሳንቲም ብቻ አደጋ ነው፤ ጠፍጣፋ ደረጃ የመሰለ ጥላ ይተዋል። ሁለተኛው አይመዘገብም።

ዋጋ አይጻፍበት። በዚህ ላይ ሰው ሊጣላኝ ይችላል። ዋጋ ሲገባ ፎቶ የሚልክልህ ሰው የሚጠይቅህ «ስንት ያወጣል?» ነው፤ ስለ ስንጥቁ ያወራኸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከዚያም አልፎ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። መዝገቡ የገበያ ሰሌዳ ከመሰለ ባለቤቶች ይሸሻሉ፣ ሕግም በትክክል ይቆጣል። የባለቤቱ ስምና ሠፈር ፈጽሞ አይውጣ፤ ሳንቲሙ ይታይ፣ ቤቱ አይታይ።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ እንዲህ ያለ መዝገብ ለአስመሳዮች መማሪያ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ከባድ ነው። ነገር ግን አስመሳዩ ዛሬም የሚሠራው እውነተኛ ሳንቲም ይዞ፣ በጭቃ ወይም በሲሊኮን ቅርጽ አውጥቶ፣ ብረት እያፈሰሰ ነው፤ የኛን ድረ ገጽ አይጠብቅም። እንዲህ የተቀዳ ሳንቲም ደግሞ የዳዩን ምልክት ብቻ ሳይሆን የዚያች አንዲት ሳንቲም ጭረት፣ ቡጭቅና የዘመመ አመታት ሁሉ ይዞ ይወጣል። ሁለት መሐለቆች ከአንድ ዳይ ቢወጡ ምንም አይደል፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው ግን ቢያንስ አንዷ ውሸት ናት። ይህን የሚያውቀው ብዙ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ያየ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ለጎብኚ «የአሚሮች ገንዘብ» ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ በነጠላው አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ዝምታችን የሚጠቅመው አስመሳዩን ነው።

የምፈራው ግን የድረ ገጹን ዕድሜ ነው። በአንድ ሰው ፍቅር የቆመ ድረ ገጽ ያ ሰው ሲታመም፣ አገር ሲለቅ፣ የአስተናጋጁን ክፍያ ሲረሳ ይጠፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገቡ በሙሉ ማንም አውርዶ የሚያኖረው ይሁን፤ አንድ ቅጂ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ በሐረር ይቀመጥ። ገንዘብ የሚጠይቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ሚዛን፣ ስልክ፣ ትንሽ የማጉያ መነጽር። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ይህን እያነበቡ ያሉ የሐረር ሰው፣ ወይም የአያትዎ ሣጥን ያለዎት ማንኛውም ሰው፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ያቺን ጥቁር ሳንቲም በሎሚ አይጠቧት፣ በአመድም አይፈትጓት፤ ከዳዩ የቀረው ትንሹ ክር የሚጠፋው በዚያ ነው። እንዳለች በሁለቱም ፊቷ፣ ብርሃኑን ከጎን አድርገው ፎቶ ያንሷት፤ ክብደቷን ከወርቅ ሠሪ ዘንድ ያስመዝኑና ከፎቶው ጋር ይጻፉት።